የሮም ቄሳር ለምን ጠመጠመ?

ለሰንበት ትምህርት ቤታችን ስለ ሰማዕታት ሥዕሎች ገለጻ እያዘጋጀሁ አንድ ነገር ግራ አጋብቶኛል። በእጄ ያለው ጀርመናዊው ሠዓሊ አልብሬክት ዱረር በ1498 እ.ኤ.አ. ካሳተመው የዮሐንስ ራእይ የመጀመሪያው ሥዕል ነው፤ በእንጨት ላይ ተቀርጾ የታተመ። ወንጌላዊው ዮሐንስ ትልቅ ድስት ውስጥ ሆኖ ይጸልያል። አንዱ የፈላ ዘይት በጭልፋ ያፈስበታል፣ ሌላው በወናፍ እሳቱን ያቀጣጥላል። አንጀት ይበላል።

ዙፋኑ ላይ ያለው የሮም ቄሳር ድምጥያኖስ ግን እንደ ኦቶማን ሱልጣን ጠምጥሟል! የቄሳሩን ሳንቲሞች አየሁ፤ ጥምጥም የሚባል ነገር የለም። ቁስጥንጥንያ በ1453 ከወደቀች በኋላ አውሮፓ ቱርክን ትፈራ እንደነበር አውቃለሁ። ደግሞ ዱረር ቬኒስ ሄዶ ከቬኒሱ ሠዓሊ ከጄንቲሌ ቤሊኒ ሥዕል ቱርኮችን ገልብጧል።

ታዲያ ዱረር ቄሳሩን ያስጠመጠመው የዘመኑን ጠላት ለማመልከት ነው ወይስ ያኔ የሩቅ አገር አሳዳጅ ንጉሥ ሁሉ የሚሳለው እንዲህ ስለነበር?