ታክሱ ሻጩ ላይ ከተጣለ ገዢው ለምን ይከፍላል?

ጥያቄ፦ ነገ የኢኮኖሚክስ ፈተና አለብኝ፣ እዚህች ላይ ተቸግሬያለሁ። ታክሱ ሻጩ ላይም ገዢው ላይም ቢጣል ውጤቱ አንድ ነው ይላሉ። እንዴት ነው ነገሩ?

መልስ፦ ሕጉ የሚወስነው ገንዘቡን ለመንግሥት ማን እንደሚያስረክብ ብቻ ነው። ሸክሙን የሚያካፍለው ኢላስቲሲቲ ነው፤ ማለትም ዋጋ ሲለወጥ ገዢው የሚገዛውን፣ ሻጩም የሚሸጠውን መጠን ምን ያህል እንደሚለውጥ። ዋጋ ሲለወጥ ቶሎ መሸሽ የማይችለው ወገን ይበልጡን ይሸከማል።

መልስ፦ በቁጥር እየው። «ዋ» ዋጋው ነው፤ ፍላጎት 120−2ዋ፣ አቅርቦት 4ዋ ይሁን። ሚዛኑ ዋጋ 20፣ መጠን 80 ነው። አሁን ሻጩ ላይ በአንድ ዕቃ 6 ታክስ ጣልበትና አቅርቦቱን 4(ዋ−6) አድርገው፤ ገዢው 24 ይከፍላል፣ ለሻጩ 18 ይተርፈዋል፣ መጠኑም ወደ 72 ይወርዳል። ከ6ቱ 4ቱን ገዢው ቻለ ማለት ነው።

ጠያቂው፦ ገዢው ላይ ቢጣልስ?

መልስ፦ ራስህ ሞክረው፣ 120−2(ዋ+6)=4ዋ። ሻጩ 18 ይቀበላል፣ ገዢው ታክሱን ጨምሮ 24 ያወጣል። ያው ነው።

መልስ፦ የቀሩትን 8 ዕቃዎች እንዳትረሳ! መንግሥት 6×72=432 ይሰበስባል፣ ግን ባልተሸጡት ምክንያት 24 የሚያህል ጥቅም ማንም ሳያገኘው ይጠፋል። ፈተና ላይ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ይሄ በግራፉ ላይ እንደ ሦስት ማዕዘን የሚታየው ኪሳራ (½×6×8=24) ነው፣ እኔ በሱ ነው የወደቅኩት።

ጠያቂው፦ ገባኝ፣ ተባረኩ!