የጋራ አዳራሹ ምድጃና ጭስ መውጫ፦ የዕቅድ ውይይት

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቫልሄይም በተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ፣ በሰርቨራችን ላይ የሚሠራውን የማኅበሩን አዳራሽ ንድፍ በዚህ ሳምንት መቋጨት አለብን። ወርዱ 10 ሜትር፣ ርዝመቱ 14 ሜትር፣ ግድግዳው 4 ሜትር ከፍታ እንዲኖረው፣ ጣራውም 45 ዲግሪ እንዲሆን ተስማምተናል። የቀረን ምድጃው የት ይቀመጥ፣ ጭሱስ በየት ይውጣ የሚለው ነው። ሐሳብ ስትሰጡ የዕቃውን ዓይነትና ብዛት ጨምሩበት። የተስማማንበትን አንድ ሰነድ አድርጌ ለድምፅ አቀርባለሁ።

የግንባታ ተጠሪ፦
መጀመሪያ የጭሱን ጠባይ እንያዝ፤ ንድፉ ሁሉ የሚመነጨው ከሱ ነው። በዚህ ጨዋታ ጭስ ለዓይን ብቻ የተሳለ ነገር አይደለም። እያንዳንዱ የጭስ ጉብታ አካል አለው። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይነሣል፣ ጣራ ሲገጥመው ይቆማል፣ ጣራው ዘንበል ያለ ከሆነ ደግሞ ሽቅብ ይንሸራተታል። መውጫ ሲያጣ ከላይ ወደ ታች ይጠራቀማል። ሰው የቆመበት ከፍታ ድረስ ሲወርድ ጤና እየቆረጠ ይሄዳል፤ እሳቱ ድረስ ከደረሰ እሳቱን ያጠፋዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በጣራው መልክ ነው። የእንጨት ጣራ የሚባለው ሲታይ የሳር ክዳን ስለሚመስል ጭሱ እንደ ጎጆ ቤት በሳሩ መሐል ሰርጎ የሚወጣ ይመስላል። አይወጣም። ክዳኑ ለጭስ እንደ ድንጋይ ድፍን ነው፤ ሆን ተብሎ የተተወ ቀዳዳ ያስፈልገዋል።

ቀዳዳው ደግሞ ዝናብ ያስገባል። ከእሳቱ ቀጥታ በላይ ምንም ክዳን ከሌለ ዝናብ ሲጥል እሳቱ ይጠፋል። ስለዚህ የሚፈለገው ከላይ የተከደነ፣ በጎን የተከፈተ መውጫ ነው።

የቁሳቁስ ተጠሪ፦
እኔ በድንጋይ የተሠራ ጭስ ማውጫ ነበር ያሰብኩት። 2 በ1 የሆነውን የድንጋይ ግድግዳ አራቱን እንደ መንኮራኩር አዙረን ብንገጥም መሐሉ ላይ 1 በ1 ሜትር ክፍት ቦታ ይተርፋል። አንዱ ግድግዳ 4 ድንጋይ ስለሚወስድ ለአንድ ሜትር ከፍታ 16 ድንጋይ ነው። የጣራው ጫፍ ከመሬት 9 ሜትር ስለሚሆን፣ ከሱ በላይ እንዲወጣ 10 ሜትር ብንሠራ 160 ድንጋይ ይፈጃል። ውበቱ ግን ልዩ ነው፤ ለማኅበር አዳራሽ የሚገባ ሥራ ነው።

የግንባታ ተጠሪ፦
ውበቱ ላይ እስማማለሁ፤ ችግሩ ሌላ ነው። በእውነተኛ ቤት ረጅም ጭስ ማውጫ የሚጠቅመው ሞቃቱ አየር ወደ ላይ እየሳበ ስለሚያወጣው ነው። በጨዋታው ያ መሳብ የለም። ጭሱ በራሱ ይነሣል እንጂ የሚጎትተው ነገር ስለሌለ ቁመቱ ምንም አይጨምርልንም። እንዲያውም ሃርዙ፣ ማለትም ትልቁ የድንጋይ ምድጃ፣ ከ1 ሜትሩ ቀዳዳ ይሰፋል፤ ከሱ በላይ ጭሱን ወደ መሐል የሚሰበስብ ዘንበል ያለ ክዳን ካልሠራን ጭሱ ወደ አዳራሹ ያፈተልካል። ሌላው፣ ድንጋይ በተራ እንጨት ላይ አያርፍም፤ ይፈርሳል። ማውጫውን ከጣራው ላይ መጀመር ስለማንችል ከመሬት ተነሥቶ የአዳራሹን መሐል ሊይዝ ነው።

የማብሰያ ክፍል ተጠሪ፦
መሐሉ ከተያዘ እኛ የት እንሠራለን? ድስቱም የሥጋ መጥበሻውም ከሥራቸው እሳት ይፈልጋሉ። ሁለተኛ እሳት ጓዳ ውስጥ ብናነድ ደግሞ ሁለተኛ ጭስ መውጫ ሊያስፈልግ ነው።

የግንባታ ተጠሪ፦
ልክ ነሽ እህቴ፣ ለዚህ ነው መውጫው በጣራው ጫፍ ላይ ይሁን የምለው። የ45 ዲግሪ ክዳን እያንዳንዱ 2 ሜትር ይሸፍናል። ከግራና ከቀኝ ሁለት ሁለት ብንደረድር 4 እና 4፣ መሐል ላይ 2 ሜትር ይቀራል። ያንን 2 ሜትር ጫፍ ላይ የሚቀመጠው የጣራ ቆብ ይዘጋዋል። በርዝመቱ 7 ቆብ ያስፈልጋል፤ እኛ 5ቱን ብቻ አስቀምጠን መሐል ላይ ያሉትን 2ቱን እንተዋለን። 2 በ4 ሜትር የሆነ መውጫ አገኘን ማለት ነው። በ4 ሜትሩ ሥር ሃርዙም የማብሰያው እሳትም ተሰልፈው ይገባሉ፤ ሁለተኛ ቀዳዳ አያስፈልግም።

የቁሳቁስ ተጠሪ፦
ክዳኑስ? የቀሩትን 2 ቆቦች በ1 ሜትር ቋሚ ላይ ከፍ አድርገን ብናስቀምጣቸው አይበቃም?

የግንባታ ተጠሪ፦
ይሠራል፤ ግን የ45 ዲግሪ ቆብ ከውስጥ 1 ሜትር ያህል ጥልቀት አለው። ጭሱ መጀመሪያ እዚያ ውስጥ ገብቶ ይሞላል፣ ከዚያ በኋላ ነው በጎን የሚፈስሰው። ከሥሩ ሁልጊዜ የሚንጠለጠል ጭስ ይኖራል። ከዚህ የሚሻለው በአንድ ወገን ያዘነበለ ክዳን ነው። የ26 ዲግሪው ጣራ 2 ሜትር ሲሄድ 1 ሜትር ይነሣል፤ የእኛ ክፍተት ደግሞ በትክክል 2 ሜትር ነው። ዝቅ ያለውን ጠርዝ በአንዱ ወገን ጣራ ጫፍ ላይ እናሳርፋለን፣ ከፍ ያለውን ጠርዝ በሌላው ወገን ላይ በቆሙ 1 ሜትር ቋሚዎች እንደግፋለን። ጭሱ ከሥሩ ሽቅብ ተንሸራትቶ 1 በ4 ሜትር በሆነው ክፍት ጎን ይወጣል። የሚጠራቀምበት ጥግ የለም፣ እሳቱም ከላይ ተከድኗል። ወጪው 2 ክዳን በ2 እንጨት እና 3 ቋሚ በ1 እንጨት፣ በድምሩ 7 እንጨት ነው።

የቁሳቁስ ተጠሪ፦
ከ160 ድንጋይ ወደ 7 እንጨት! የድንጋዩን ሐሳብ አንሥቻለሁ። አንድ ስጋት ግን አለኝ፦ ዝናብ ያልተከደነ እንጨትን እስከ ግማሽ ጤናው ድረስ ይበላዋል። ቋሚዎቹ ውጭ ናቸውና በየጊዜው በመዶሻ እንዲታደሱ በሰነዱ ይግባ።

ሰርቨር ተቆጣጣሪ፦
ስለ ምድጃው ራሱ ልጨምር። ሃርዝ ለመሥራት ስቶንከተር (የድንጋይ መጥረቢያ ጣቢያ) ያስፈልጋል፤ ስቶንከተሩ 10 እንጨት፣ 4 ድንጋይና 2 ብረት ይፈልጋል፣ ብረቱም ከረግረጉ ነው የሚመጣው። አዳራሹ ያንን እንዲጠብቅ አልፈልግም። በካምፕፋየር፣ ማለትም በትንሹ ተራ እሳት፣ እንጀምር፤ 5 ድንጋይና 2 እንጨት ብቻ ነው። በእንጨት ወለል ላይ ስለማይቀመጥ ከመውጫው ሥር 4 በ4 ሜትር መሬት ሳይነጠፍ ይቆይ። ስቶንከተር ስናገኝ እዚያው ላይ 4 የድንጋይ ወለል በ6 ድንጋይ፣ 24 ድንጋይ ማለት ነው፣ አንጥፈን ሃርዙን በ15 ድንጋይ እንተክላለን።

ሁለቱን እሳት አንድ ላይ ብናነድ ምቾቱ ይደመራል ብላችሁ አታስሉ። ካምፕፋየር 1፣ ሃርዝ 2 ኮምፈርት (የምቾት ነጥብ) ይሰጣል፣ የሚቆጠረው ግን ትልቁ ብቻ ነው። አንድ ኮምፈርት በጨመረ ቁጥር አርፎ የወጣ ሰው የሚያገኘው የዕረፍት ጥቅም የሚቆይበት ጊዜ 1 ደቂቃ ይረዝማል፤ ከካምፕፋየር ወደ ሃርዝ መሄድ ለእያንዳንዱ አባል አንድ ደቂቃ ነው። የማብሰያው እሳት ለማብሰል እንጂ ለኮምፈርት አይታሰብ። ኮምፈርት የሚሰጡ ዕቃዎች በ10 ሜትር ውስጥ ስለሚቆጠሩም እሳቱ መሐል ላይ መሆኑ ጥሩ ነው፤ አልጋዎቹም በአቅራቢያቸው እሳት ካላገኙ አያስተኙም።

የማብሰያ ክፍል ተጠሪ፦
ተስማምቻለሁ። ሌሊት ለብርሃን ብላችሁ ተጨማሪ ካምፕፋየር አትትከሉብን። 2 እንጨትና 2 ሬዚን (የዛፍ ሙጫ) የሚፈጀው የቁም ችቦ ጭስ የለውም፤ ለማዕዘኖቹ እሱ ይበቃል።

የግንባታ ተጠሪ፦
ከሰል ማክሰያውና ብረት ማቅለጫው አዳራሹ ውስጥ እንዳይገቡም ይጻፍ። ሁለቱም ይጨሳሉ፣ ጭሳቸው ሲታፈን ሥራ ያቆማሉ። ግድግዳ በሌለው፣ በአንድ ወገን ባዘነበለ መጠለያ ሥር ውጭ ይቀመጡ።

ደግሞ ከመውጫው ሥር የሚያልፍ አግዳሚ፣ ሰገነት ወይም ጌጥ እንዳይሠራ። ጠፍጣፋ ነገር ሁሉ ጭስ ያቆማል። ጠባብ ስንጥቅ ትቶ ያልፋል ማለትም አያስተማምን፤ ሙሉ 1 ሜትር ይተው። መዶሻ ይዞ ሲታይ የዕቃው ቀለም ምን ያህል እንደተደገፈ ያሳያል፤ የጣራው ጫፎች ቢጫ ከሆኑ ይሁን፣ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ካሳዩ ከሥራቸው የኮር ዉድ (ጠንካራው የእንጨት ዓይነት) ምሰሶ ይቁም። ከተራው እንጨት ይበልጥ ይሸከማል።

አስተባባሪ፦
ለድምፅ የማቀርበው እንዲህ ነው። መውጫው በጣራው ጫፍ መሐል 2 በ4 ሜትር፣ ክዳኑ በአንድ ወገን ያዘነበለ 26 ዲግሪ። እሳቱ መጀመሪያ ካምፕፋየር፣ ብረት ሲገኝ ሃርዝ። ለጣራው 28 የ45 ዲግሪ ክዳን 56 እንጨት፣ 5 ቆብ 10 እንጨት፣ የመውጫው ክዳን ከነቋሚዎቹ 7፣ በድምሩ 73 እንጨት። ለሁለተኛው ምዕራፍ ወለሉ፣ ሃርዙና ስቶንከተሩ በአንድነት 43 ድንጋይ። ፍተሻው፦ በሮቹ ተዘግተው ሁለቱም እሳቶች 10 ደቂቃ ይነዳሉ፣ አንድ ሰው ከመውጫው ሥር፣ አንድ ሰው ከጣራው ውጭ ቆሞ ያያል። በዝናብ ቀንም ይደገማል። የጎደለ ካለ ጠቁሙኝ።

ሰርቨር ተቆጣጣሪ፦
አንድ ብቻ። አዲስ አባል ሲገባ ክፍቱን ጎን ያላለቀ ግድግዳ መስሎት እንዳይደፍነው ከሥሩ የጽሑፍ ሰሌዳ ይለጠፍ፤ 2 እንጨትና 1 ከሰል ነው የሚፈጀው። «የጭስ መውጫ ነው፣ አይዘጋ» ተብሎ ይጻፍበት።

አስተባባሪ፦
ገብቷል። እንጨቱ 75 ሆነ፤ ከሰሉን ከማክሰያው እንወስዳለን።