የታካሚን ኑሮ ካርድ ላይ እንዴት እንመዝግብ?

ጥያቄ (ነርስ፣ ደምበጫ አካባቢ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ስኳር ክትትል ላይ ነው። አንዲት እናት ኢንሱሊን ይወስዳሉ፣ ስኳራቸው ግን አልወርድ አለ። ረጋ ብዬ ብጠይቃቸው ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፣ መብራት የላቸውም፣ ሲሪንጁ ላይ ያለውንም ቁጥር አያነቡም። የኢንሱሊኑን ብልቃጥ ሙቀት ያበላሸዋል፣ እሳቸው ግን ምድጃው አጠገብ ነበር የሚያስቀምጡት! ካርዳቸውን ወደ ኋላ ሳገላብጥ አንዷ ጥግ ላይ «ችግረኛ» ብላለች፣ ሌላው «ኑሮ ከባድ»። ከዚህ ምን ይረዳል? ሁላችንም በአንድ ዓይነት የምንጽፍበት መንገድ አለ?

መልስ (የጤና መረጃ ባለሙያ፣ ደብረ ማርቆስ)፦
አለ። አይሲዲ-10 በሚባለው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች መለያ ኮድ ላይ ከዜድ 55 እስከ ዜድ 65 ያለው ለዚሁ፣ ለኑሮ ሁኔታ ነው። ማንበብ አለመቻል ዜድ 55.0፣ ብቻን መኖር ዜድ 60.2፣ በቂ ምግብ ማጣት ዜድ 59.4። ከዋናው በሽታ ቀጥለሽ ጻፊው። ማቀዝቀዣ የለም የሚለውን ደግሞ በግልጽ ቃል አስፍሪው። የጤና ሪፖርት በሚሰበሰብበት የኮምፒውተር ሥርዓት፣ ዲኤችአይኤስ 2 ላይ ግን የአንድ ታካሚን ኑሮ አትፈልጊ፤ ከጤና ጣቢያችሁ ወደዚያ የሚገባው ድምር ቁጥር ነው።

መልስ (ጤና ኤክስቴንሽን፣ ቢቸና)፦
እህቴ፣ እኛ ጋ የቤተሰብ ፎልደር አለ። ውኃው፣ ሽንት ቤቱ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር ተጽፏል። ለቀበሌያቸው ኤክስቴንሽን ደውይላት። ኢንሱሊኑ እንዲቀዘቅዝ ለጊዜው ገንቦ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ጥላ ውስጥ ያኑሩት፣ ብልቃጡን ውኃ እንዳይነካው በላስቲክ ቋጥረው ውስጡ ያስቀምጡ።

መልስ (ሐኪም፣ ባሕር ዳር)፦
ኮዱ ጥሩ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ አጠያየቃችሁ ነው። «የሚበሉት አለዎት?» ብትይ የጎጃም እናት «ተመስገን» ነው የምትልሽ። «ባለፈው ወር እህል አልቆብዎት ያውቃል?» በይ። ሁላችሁም በዚሁ ቃል ጠይቁ። መልሱን «አዎ»፣ «አይ»፣ «አልተጠየቀም» ብላችሁ ለዩት፤ ባዶ የተተወ ቦታን ሰው ችግር የለም ብሎ ያነበዋል። ቀን አትርሱ። ነሐሴ ላይ የጎደለ ጎተራ ጥር ላይ ሊሞላ ይችላል። «ችግረኛ» የሚለውን ቃል ግን እባካችሁ ተዉት፤ ልጃቸው ካርዱን ይዞ ሲመጣ ያነበዋል።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። አራት ጥያቄ ጽፌ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ለጥፌያለሁ። ኤክስቴንሽኗንም አግኝቻታለሁ፤ ሐሙስ እማማ ቤት ትሄዳለች፣ የጤና መድናቸው መታደሱንም ታይልኛለች። «አልተጠየቀም» የሚለውን እኔም አላሰብኩትም ነበር። ዛሬ ካየኋቸው ካርዶች አብዛኞቹ ላይ የጻፍኩት እሱን ነው።