ክርክር፦ ኑዛዜ የረሳትን መበለት ፍርድ ቤት ሊያስታውሳት ይገባል?

ጥያቄ አቅራቢዋ፦ አንድ ሰው ቤቱንና ገንዘቡን ሁሉ ለሌላ ተናዞ ቢሞት፣ ሃያ ዓመት አብራው የኖረች ሚስቱም ባዶ እጇን ብትቀር፣ ፍርድ ቤት ኑዛዜውን አልፎ ከውርሱ መተዳደሪያ ሊቆርጥላት ይገባል? እኔ ይገባል እላለሁ። ባልየው ሀብት ያጠራቀመው እርሷ ልጅ ስታሳድግ፣ በሽተኛ ስታስታምም ነው። በባንክ ደብተሩ ላይ ስሟ ስለሌለ ብቻ እንደ እንግዳ ከቤት ትውጣ? ሚስት እያልሁ ጻፍሁ እንጂ ለባልም ያው ነው።

ተቃዋሚው፦ አልስማማም። ሟች ተነሥቶ አይከራከርም፤ የቀረው ቃሉ ኑዛዜው ብቻ ነው። ዳኛው ስለዚያ ትዳር የሚሰማው በሕይወት ካለው ወገን ነው። አሥር ዓመት ተለያይተው የኖሩ፣ ጋብቻቸው በወረቀት ብቻ የቀረ ስንት አሉ! የጋራ ሀብት ካለ ግማሹን ትውሰድ። የቀረውን እርሱ ለወደደው ይስጥ።

የሕግ ባለሙያው፦ «ግማሹን ትውሰድ» የሚያዋጣው የጋራ ሀብት ሥርዓት ባለበት አገር ነው። የ1952ቱ የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ የትዳር ጓደኛን ከሕጋዊ ወራሾች ተርታ አላስገባም፤ ከጋራ ሀብቱ ግማሹን የምትወስደው እንደ ወራሽ ሳይሆን እንደ ባለንብረት ነው። በእንግሊዝ ግን ጋብቻ በራሱ ንብረትን የጋራ አያደርግም፤ ስለዚህ ኑዛዜው ከዘለላት በእጇ የሚገባ ግማሽ ላይኖር ይችላል። ይህን ክፍተት ኒውዚላንድ ፍርድ ቤት ከውርሱ መተዳደሪያ እንዲቆርጥ በሚፈቅድ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1900 ደፈነችው። እንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ1938 ተከተለች፤ ያኔ ግን መበለቲቱ የምታገኘው በአብዛኛው በየጊዜው የሚከፈል መተዳደሪያ ሲሆን እንደገና ካገባች ይቋረጥ ነበር። እ.ኤ.አ. የ1975ቱ የእንግሊዝ ሕግ ከዚያ ዘለለ። ዳኛው ዕድሜዋን፣ ትዳሩ የቆየበትን ዘመን፣ ቤት በመያዝ ያደረገችውን አስተዋጽኦ ይመዝናል፤ ጋብቻው በሞት ሳይሆን በፍቺ ቢያበቃ ምን ታገኝ እንደነበርም ይጠይቃል። ፈትቷት ቢሆን የሚደርሳትን፣ እስከ መጨረሻው አስታምማ ስለቀበረችው ልታጣው ነው?

ተቃዋሚው፦ ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከባድ ነው፤ አልክድም። ሆኖም ያልተፋታን ሰው እንደተፋታ ቆጥሮ ማስላት ለዳኛው ከመጠን ያለፈ ሥልጣን ይሰጣል። ከመጀመሪያ ትዳር የተወለዱ ልጆችስ?

ከመጀመሪያ ትዳር የተወለደችው፦ እኔ ከእነዚያ ልጆች አንዷ ነኝ። አባታችን ያለውን አንድ ቤት ለእኛ ተናዘዘ። እንጀራ እናታችን ስትከሰን «በአባታችን አጥንት ላይ መጣች» ብዬ አለቀስሁ። ሁለት ዓመት ተከራከርን፤ በመጨረሻ ሁለታችንም ወገን ለጠበቃ የከፈልነውን ስንደምር ደነገጥን። የተስማማነው በአላባ ነው፦ በሕይወት እስካለች ትኖርበታለች፣ ባለቤትነቱ የእኛ ሆኖ ይቆያል። መጀመሪያውኑ ዳኛው ይህን ቢያቀርብልን ኖሮ! አሁን የማምነው የመበለቲቱን የመጠየቅ መብት ነው፤ ቤቱን ሸጦ ገንዘቡን ማካፈል ግን የመጨረሻው አማራጭ ይሁን። የውርሱ ሀብት አንድ ቤት ብቻ ሲሆን «ትክክለኛ ድርሻ» የሚባለው ስሌት ሁሉንም ጎዳና ላይ ያወጣል።

ጥያቄ አቅራቢዋ፦ ስለ አላባው እስማማለሁ፤ ግን ከድርሻው መጠን ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ጊዜው ነው። በእንግሊዙ ሕግ አቤቱታው የሚቀርበው ውርሱን የማስተዳደር ሥልጣን ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ነው። ፍርድ ቤቱ ሊያራዝም ይችላል፤ የዘገየችበትን ምክንያት ማስረዳት ግን የእርሷ ሸክም ነው። ስድስት ወር ለሐዘንተኛ ምንድን ነው? ኑዛዜውን እንኳ ያላየች ትኖራለች።

የሕግ ባለሙያው፦ ገደብ ከሌለ ደግሞ ወራሾች ምንጊዜም እፎይ አይሉም፤ የውርስ አጣሪውም አንዲት ሳንቲም ለማከፋፈል ይፈራል። ያው ሕግ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ ለተቸገረ ጠያቂ ጊዜያዊ ክፍያ እንዲታዘዝ ይፈቅዳል።

ጥያቄ አቅራቢዋ፦ እንግዲያው ገደቡ ይኑር፤ ነገር ግን አጣሪው መብቷንና ቀነ ገደቡን በጽሑፍ ካሳወቃት ቀን ይቆጠር። ተቃዋሚው ይህንንም ይቃወማሉ?

ተቃዋሚው፦ ይህንን አልቃወምም።