አስቸኳይ፦ የአባቴ ሆድ አብጦ ሲነካ ይንኮሻኮሻል (ድሬዳዋ)

የሳቢያን ልጅ
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። አባቴ ሆዱን ካመመው ሰነባበተ። ክሊኒክ ታይፎይድ ነው ብለው መድኃኒት ሰጡት። ዛሬ ከእምብርቱ በታች በግራ በኩል እስከ ጎኑ ድረስ አብጧል። ስነካው ከቆዳው ሥር እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። ጋዝ መሰለኝ። የጋዝ መድኃኒት ቤት ውስጥ አለ። ስንት ልስጠው?

አቦ ድሬ
አቦ አትደንግጪ። ሽሮና ምስር ይቁም። ጤና አዳም በሻይ ስጪው፣ ሆዱን በዘይት እሺው። የኔ እናት ሁሌ በዚህ ነው የሚሻላት።

የቀዶ ሕክምና ነርስ
ማሸት የለም! እህቴ፣ በአፍ ምንም አትስጪያቸው፤ ውሃም ሻይም። ሆድ የሚያስቀምጥ መድኃኒትም አይሰጥ። አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰጃቸው።
ሆድ የሚነፋው ጋዝ አንጀት ውስጥ ነው ያለው። እሱ በእጅ ሲነካ አይንኮሻኮሽም። የሚንኮሻኮሸው ከቆዳ ሥር የገባ አየር ነው። አንጀት ተበስቶ አየሩ ወደ ሆድ ግድግዳ ሾልኮ ሊሆን ይችላል። ወይም ጋዝ የሚያመነጩ ባክቴሪያዎች ሥጋውን እየገደሉት ነው። ይህኛው በሰዓታት ውስጥ ይስፋፋል። ትኩሳት አላቸው? ስኳርስ? ቆዳው ቀልቷል ወይስ ጠቁሯል?

የሳቢያን ልጅ
ስኳር አለበት። ትናንት ያተኩሰው ነበር። ዛሬ እጅ እግሩ ቀዝቅዟል፣ ያልበዋል። ቆዳው ወደ ጥቁር ሰማያዊ ሄዷል። ግን ሕመሙ ቀለል አለኝ ይላል። እስከ ነገ ብናየውስ?

መምህር ከሐረር
በመጀመሪያ ታይፎይድ መሆኑን ማን አረጋገጠ? እኛ አገር ሆዱን ያመመው ሁሉ ታይፎይድ ይባላል። ዊዳል የሚሉት ምርመራ የሚያየው ሰውነት በሽታን ለመከላከል ያመረተውን ነገር ነው። ድሮ ይዞት የዳነ ሰውም ፖዘቲቭ ሊባል ይችላል። እርግጥ እውነተኛ ታይፎይድም አንጀት ይበሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ፣ የትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ። በዕድሜ የገፋ ሰው ግራ ጎኑን ሲያመው ግን ትልቁ አንጀትም መታሰብ አለበት። እዚያ የሚወጡ ትንንሽ ከረጢቶች ቆስለው ይፈነዳሉ። ካንሰርም አለ። ታንቆ የቆየ ቡአም አለ...

የቀዶ ሕክምና ነርስ
መምህር፣ ልክ ነህ፤ ግን እሱን ሐኪሞቹ ይለዩት። እህቴ፣ እስከ ነገ አይባልም። መቀዝቀዙና ላቡ ደም ዝውውራቸው እየደከመ መሆኑን ሊያሳይ ይችላል። ሕመሙ ቀለለ ማለትም ተሻላቸው ማለት አይደለም። ስኳር ያለበት ሰው ሕመሙ ላይሰማው ይችላል።

አቦ ድሬ
ጤና አዳሙን ግን ሞክሩት እስኪ፣ ምንም አይጎዳም።

ፋርማሲ ከከዚራ
ይጎዳል ወንድሜ። አንጀት ከተበሳ የሚጠጣው ሁሉ ሆድ ውስጥ ይፈስሳል። ደግሞ ዳይክሎፌናክ ወጉልኝ ብላችሁ ፋርማሲ እንዳትሄዱ። ሕመሙን ይሸፍናል፣ ኩላሊትም ይጎዳል።

ጀጎል
ሐረር አምጪው፣ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ስፔሻሊስቶች አሉ።

የቀዶ ሕክምና ነርስ
ጀጎል፣ አሳብህ ጥሩ ነው፤ ግን በዚህ ሁኔታ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት በባጃጅም በሚኒባስም አይወጡትም። መጀመሪያ እዚሁ ድል ጮራ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል። ፈሳሽና አንቲባዮቲክ በደም ሥር ይጀመራል። መላክ ካለባቸው በአምቡላንስ ይላካሉ። ራጅ ወይም ሲቲ ስካን አየሩን ያሳያል። ከዚያ ቀዶ ሕክምና ነው፤ የተበሳው አንጀት ይጠገናል ወይም ይቆረጣል፣ የሞተው ሥጋ ይጠረጋል። ለተወሰነ ጊዜ ሰገራ በሆድ በኩል ወደ ከረጢት እንዲወጣ ሊደረግም ይችላል። እዚያ እንደደረሳችሁ «ቆዳው ሲነካ ይንኮሻኮሻል፣ ስኳር አለበት» በሉ። ይህን ሲሰሙ ወረፋ አያስጠብቋችሁም። የሚወስደውንም መድኃኒት ያዢ።

የሳቢያን ልጅ
እሺ። የጎረቤት መኪና መጣ። እየወጣን ነው።

መገላ
ፈጣሪ ይማርልሽ። ደም ካስፈለገ ጻፊ፣ እኔና ጓደኞቼ እንመጣለን። ምን ተባለ?

መገላ
እህት? ገባችሁ?

የአሸዋ እናት
እኔን አስፈራችሁኝ። እህቴ በካሜራ የሐሞት ጠጠር ወጥቶላት ሆዷ ላይ እንደዚህ ይንኮሻኮሽ ነበር። ዶክተሩ ይጠፋል አላት፣ ጠፋም።

የቀዶ ሕክምና ነርስ
እሱ ሌላ ነው። በካሜራ ሲሠራ ሆድ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሞላል። ትንሽ ከቆዳ ሥር ቢገባ ሰውነት በጥቂት ቀን ይመጠዋል። ቀዶ ሕክምና ሳይኖር፣ በተለይ ከትኩሳትና ከሆድ ሕመም ጋር ከመጣ ግን ያው ድንገተኛ ክፍል ነው።