የሰላይ ፊልም ዲስክ በመዋጯችን ይገዛ ወይስ በፍላሽ ይጫን? የደሴና የኮምቦልቻ ፊልም ወዳጆች ክርክር

አድሚን፦
ያ ጀመዓ፣ እንዴት አመሻችሁ። ነገሩን ላልሰማችሁ ባጭሩ ላስረዳ። ለንደን ያለው አባላችን ለክረምት ደሴ ይመጣል። «ዘ ኢፕክረስ ፋይል» የሚባለውን ፊልም በብሉሬይ ይዤላችሁ ልምጣ ወይ ብሏል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1965 የወጣ የእንግሊዝ የሰላይ ፊልም ነው፤ ማይክል ኬን ነው የሚተውነው። ዲስኩ ለሰብሳቢዎች ተብሎ የታተመ ነው። ጠንካራ ካርቶን፣ ትንሽ መጽሔት፣ የፖስተር ካርዶች ምናምን አለው። ዋጋው ግን አይቀመስም። ማጫወቻም የለንም፤ እሱም መገዛት አለበት። ከመዋጯችን ይውጣ ወይስ ይቅር? ስድብ የለም፣ ፖለቲካ የለም።

ፍላሽ ጫኝ ነኝ፦
ይቅር። ፊልሙ እኔ ጋ አለ። ሁለት ጊጋ እንኳን አይሞላም። ፒያሳ ብቅ በሉ፣ ሻያችሁን ሳትጨርሱ እጭንላችኋለሁ። ደሞ እውነቱን እናውራ። እኔ ሱቅ የሚመጣው ሰው «ጀምስ ቦንድ አለ?» ነው የሚለው። መነጽር አድርጎ ቡና የሚፈጭ ሰላይ ማን ይጠይቀኛል?

የሸዋ በር ልጅ፦
ራስህ መለስከው እኮ! ቡና የሚፈጭ ሰላይ መሆኑ ነው ነገሩ። ፊልሙ መጀመሪያ አካባቢ ሰውየው በደወል ሰዓት ይነቃል። ዓይኑ አያይም፤ ክፍሉ ሁሉ ብዥ ብሏል። መነጽሩን ሲያደርግ ነው ነገር የሚጠራው። ከዚያ ተነስቶ ቡናውን ይፈጫል፣ ያፈላል። ተኩስ የለ፣ መኪና የለ። እሱን እያየህ ሰውየውን አወቅከው።

ቦንድ ለምትሉ ደግሞ፣ የዚህ ፊልም ፕሮዲዩሰር ሃሪ ሳልትዝማን ራሱ ከመጀመሪያዎቹ የቦንድ ፊልሞች ሁለት ፕሮዲዩሰሮች አንዱ ነበር። ሙዚቃው የጆን ባሪ፣ ዲኮሩ የኬን አዳም፣ ኤዲቲንጉ የፒተር ሃንት። ሁሉም የቦንድ ቤት ሰዎች ናቸው። እነሱኑ ሰብስቦ የቦንድን ተቃራኒ ሠራ። ሰላዩ ደሞዝ ይጨመርልኝ ይላል፣ ፎርም ይሞላል፣ ከአለቃው ጋር ይነታረካል። መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

አሁን ወደ ፍላሽህ ልምጣ። ለንደን፣ አልበርት ሆል የሚባለው የሙዚቃ አዳራሽ ደጃፍ ላይ ድብድብ አለ። ካሜራው ቀይ የስልክ ቤት ውስጥ ሆኖ በመስታወቱ አሾልኮ ነው የሚያየው። ያንተን ፋይል ባለፈው በፕሮጀክተር አይተነዋል። ቀዩ ፈሷል። ጨለማው ካሬ ካሬ ሆኗል። ማን ማንን እንደመታ አልለየሁም። ዳይሬክተሩ ሲድኒ ፉሪ ካሜራውን እያዘነበለ፣ በአምፖል ስር፣ በትከሻ በላይ እየደበቀ የሠራው ሥራ ሁሉ ዓይን ላይ ነው ያለው። ምስሉን ከወሰድክበት ምን ይቀረዋል?

ፍላሽ ጫኝ ነኝ፦
ታሪኩ።

የሸዋ በር ልጅ፦
ታሪኩንማ እኔም በአንድ ሻይ እነግርሃለሁ።

ከቦርከና ማዶ፦
ከኮምቦልቻ ነኝ። ሁለታችሁም የምታወሩት ስለ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ግሬይን፣ ፊልም ላይ ስለሚታዩት ጥቃቅን ነጥቦች። ይህ ፊልም ቴክኒስኮፕ በሚባል ዘዴ ነው የተቀረጸ። በተለመደው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም አንድ ምስል በቁመቱ ከፊልሙ ጠርዝ ቀዳዳዎች አራቱን ይይዛል። ቴክኒስኮፕ ሁለት ብቻ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ጥሬ ፊልሙ በግማሽ ይቀንሳል፣ ወጪም ይቀንሳል። የሰርጂዮ ሊዮኔ የካውቦይ ፊልሞችም እንዲሁ ናቸው። ግን ትንሽ ምስል ሲጎላ ግሬይኑ ይወጣል። ድሮ ደግሞ ለሲኒማ ቤት ሲባዛ በኦፕቲካል ፕሪንተር፣ ምስሉን በሌንስ አሳልፎ በሚገለብጥ ማሽን፣ ስለሚያልፍ ሌላ ብዥታ ይጨመርበት ነበር። ዛሬ ኔጋቲቩ፣ ካሜራው ውስጥ የተቀረጸው ዋናው ፊልም፣ በቀጥታ ስካን ከተደረገ ያ ሁሉ ይዘለላል።

ግሬይን ደግሞ በየምስሉ የሚለዋወጥ ነገር ስለሆነ ቦታ ይበላል። ባለ ሁለት ንብርብር ብሉሬይ 50 ጊጋ ይይዛል። ያንን ሁለት ጊጋ ውስጥ ስትጠቀጥቀው መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው። የሰው ፊት ፕላስቲክ የሚመስለው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ብሉሬይ ዓለምን ኤ፣ ቢ፣ ሲ ብሎ በዞን ይከፍላል። አፍሪካም አውሮፓም ቢ ናቸው። ልጁ ከእንግሊዝ ካመጣው ይሠራል። ከአሜሪካ የመጣ ማጫወቻ በርካሽ አገኘሁ ብላችሁ እንዳትገዙ፤ እሱ ኤ ነው፣ ዲስኩን እምቢ ሊል ይችላል።

የማሽን ክፍል፦
ልጆቼ፣ እኔ ድሮ ሲኒማ ቤት ማሽን ላይ የሠራሁ ሰው ነኝ። ፊልም ደሴ የሚደርሰው ሌላው ሁሉ አይቶ ከጨረሰው በኋላ ነበር። ጭረቱ እንደ ሐምሌ ዝናብ ነው። ሲበጠስ ቆርጠን እንቀጥለዋለን። በቀጠልነው ቁጥር ትንሽ ይጎድላል። አንዳንዴ ሰውየው በሩን ሳይከፍት ክፍሉ ውስጥ ይገኛል! ሰዉ ፉጨቱን ያቀልጠዋል፣ «ቆረጡት!» ይላል፣ ስድቡ ለእኔ ነው። እንግዲህ ሙሉውን፣ ንጹሑን አምጥተው ቢያሳዩኝ አልጠላም። እኔ ይገዛ ባይ ነኝ።

ፍላሽ ጫኝ ነኝ፦
ጋሼ፣ እርስዎን አክብሬ ነው፤ ሙሉውንስ እኔም አለኝ። አንድ ደቂቃ አልተቆረጠም።

የሆጤዋ፦
እኔ ልቃወም። ስለ ግሬይን አይደለም። ሰብሳቢ መሆን ለማን ነው? ካርቶኑ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ እንዲያምር ነው። እኛ የጋራ መደርደሪያ እንኳን የለንም። «ዲስክ በእጅ ያለ ንብረት ነው፣ ከኢንተርኔት ቢነሳም አይጠፋም» ስትሉ እሰማለሁ። በ2014 ጥቅምት ከተማችን ምን እንደሆነች ረሳችሁ? ወንድሜ ቪዲዮ ቤት ነበረው። ስንመለስ ቴሌቪዥኑም ሲዲውም ሃርድ ዲስኩም የለም። የቀረን ዘመድ ስልክ ላይ የነበረው ፋይል ነው። አንድ ቦታ የተቀመጠ ውድ ዕቃ ያስፈራኛል።

ሁለተኛ፣ የእንግሊዝ ፊልም ባለቤት አለው። ተጠብቋል፣ ስካን ተደርጓል፣ ታትሟል። የኛዎቹስ? በሲዲ ይሸጡ የነበሩ የአማርኛ ፊልሞች የት አሉ? ዩቲዩብ ላይ የደበዘዘ ኮፒ ካገኛችሁ ዕድለኛ ናችሁ። መዋጮ ካለን ከየቤቱ ሲዲ እንሰብስብና እናስቀምጥ።

የሸዋ በር ልጅ፦
እሱ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እኔም እገባበታለሁ። ግን የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» አስቢው። በ16 ሚሊ ሜትር፣ በጥቁርና ነጭ የተሠራ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1976 የወጣ ፊልም ነው። ዛሬ በደንብ የሚታየው ጣሊያን ያለው የቦሎኛ የፊልም ቤተ መዛግብትና የአሜሪካዊው ዳይሬክተር የማርቲን ስኮርሴዚ ፋውንዴሽን ስላደሱት ነው። ማደስ ገንዘብ ይፈልጋል። ከገንዘቡ አንዱ የሚመጣው ዲስክ ከሚገዛ ሰው ነው።

የሆጤዋ፦
ስለዚህ የኛን ፊልም ለማዳን የማይክል ኬንን ልግዛ? አብሽር፣ ዙሪያ ጥምጥም አትሂድብኝ።

ሕግ አንባቢ፦
ሁላችሁም የረሳችሁት ነገር አለ። ገዝታችሁም ቢሆን ዲስኩ ለቤት ነው። አዳራሽ ተከራይቶ፣ ትኬት ቆርጦ ማሳየት ሌላ ነገር ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራን በሕዝብ ፊት ማሳየት የባለመብቱ መብት ነው። ለግል ጥቅም ማየትና መቅዳት ለብቻው ነው የሚታየው። የውጭ አገር ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው ደግሞ ኢትዮጵያ በገባችበት ዓለም አቀፍ ስምምነት በኩል ስለሆነ፣ ክርክሩ ቀላል አይደለም። ኦሪጅናል ስለገዛን ንጹሕ ነን አትበሉ ለማለት ነው።

ፍላሽ ጫኝ ነኝ፦
ሰማችሁ? እናንተም እኔም አንድ ወንበር ላይ ነን። ልዩነቱ እናንተ ውድ ከፍላችሁ መቀመጣችሁ ነው 😂

ሕግ አንባቢ፦
አይደለም ወንድሜ። አንዱ ቢያንስ አንድ ቅጂ ከፍሎበታል። አንተ አንዱን አንድ ሺህ አድርገህ ትሸጣለህ። ትኬት ይቅር፤ በአባል ቤት፣ በቡና፣ ያለ ክፍያ ይታይ። ያኔ እኔም ድምፄን ለግዢው እሰጣለሁ።

የማሽን ክፍል፦
ቡናውን እኔ ቤት። ጀበናው አይቆጠርም።

የቧንቧ ውሃዋ፦
ይቅርታ፣ ዘግይቼ ገባሁ። ሁሉን አነበብኩ። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ትርጉሙስ? ዲስኩ ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው። ይህ ፊልም ደግሞ ግማሹ ወሬ ነው፤ ያውም በለንደን ሰፈር አነጋገር፣ በሽሙጥ። እናቴን ይዣት ብመጣ ምን ትሰማለች? ባለፈው የታየው የፍላሹ ፋይል ላይ ልጆቹ የአማርኛ ጽሑፍ ሠርተው ለጥፈውበት ነበር። አዳራሹ የሳቀው እሱን እያነበበ ነው። ዲስክ ላይ ያንን መለጠፍ ይቻላል?

ከቦርከና ማዶ፦
በተራ ማጫወቻ አይቻልም። ዲስኩ የራሱን ጽሑፍ ብቻ ነው የሚያወጣው።

የሸዋ በር ልጅ፦
ቀላል ነው። ዲስኩን ገዝተን፣ ኮምፒውተር ላይ ወደ ፋይል እናወጣዋለን። ጥራቱን ሳንነካ። ከዚያ የአማርኛውን ጽሑፍ ለጥፈን…

የሆጤዋ፦
ከዚያ በፍላሽ አድርገን?

የሸዋ በር ልጅ፦
…ትልቅ ፍላሽ ያስፈልጋል፣ አዎ።

ፍላሽ ጫኝ ነኝ፦
እንኳን ወደ ሙያዬ በደህና መጣህ የኔ ወንድም! 64 ጊጋ አለኝ፣ ለአንተ በቅናሽ።

ሕግ አንባቢ፦
ዲስክ ሲታተም ተቆልፎ ነው የሚመጣው። ቁልፉን ከፍቶ መገልበጥ ራሱ ሌላ ጥያቄ ነው። ዛሬ አልጀምረውም።

የማሽን ክፍል፦
እኔ እንደ ድሮው ቆሜ እተረጉምላችኋለሁ። እንግሊዝኛው ሲከብደኝ ከራሴ እጨምራለሁ፤ ያኔም የሚወደደው እሱ ነበር።

አድሚን፦
እሺ ጀመዓ። ድምፅ መስጫውን ከፍቻለሁ። ምርጫው ሦስት ነው፦ ዲስክና ማጫወቻ ይገዛ፤ ምንም አይገዛ፤ ገንዘቡ ለአማርኛ ሲዲ ማሰባሰቢያ ይሁን። ማጫወቻው ከተገዛ ማን ቤት እንደሚቀመጥ ለብቻው እንነጋገርበታለን፤ የሆጤዋ ያለችው ያስኬዳል። እስከ እሁድ ማታ ነው። የሰኔን መዋጮ ያልከፈለ ድምፁ አይቆጠርም፤ የሸዋ በር ልጅ፣ አንተን ነው።