ለጄሪ ሉዊስ መታሰቢያ ምሽት የትኛውን ፊልም እናሳይ?

የክበቡ ጸሐፊ፦
አሜሪካዊው ኮሜዲያን፣ የፊልም ተዋናይና ዳይሬክተር ጄሪ ሉዊስ እ.ኤ.አ. ኦገስት 20 ቀን 2017 ላስ ቬጋስ ውስጥ በ91 ዓመቱ አርፏል። የፊልም ክበባችን ሁለት ሰዓት የሚፈጅ መታሰቢያ ምሽት ሊያዘጋጅለት አስቧል። ተመልካቹ እንግሊዝኛ ብዙም አይከተልም፤ የአማርኛ ሰብታይትልም የለንም። ያለን አንድ ፕሮጀክተርና የብሉቱዝ ስፒከር ነው። ሙሉ ፊልም ይሻላል ወይስ የተመረጡ ትዕይንቶች?

ማታ ሲኒማ፦
ሙሉ ፊልም፤ እሱም «ዘ ቤልቦይ» (1960)። ራሱ ጽፎ፣ ዳይሬክት አድርጎ የተወነበት ነው፤ 72 ደቂቃ ብቻ ይፈጃል። ማያሚ ቢች በሚገኘው ፎንተንብሎ ሆቴል የሚሠራው ሻንጣ ተሸካሚ ስታንሊ እስከ መጨረሻው ትንፍሽ ስለማይል ቋንቋ ብዙም አያግድም። እውነቱን ለመናገር ታሪክ የሚባል ነገር የለውም፤ ቀልዶቹ ተደርድረው ነው የሚመጡት፣ አንዳንዶቹም አይያዙም።

የወንበሮቹ ትዕይንት ግን ብቻውን ምሽቱን ይሸፍናል። ስታንሊ አንድ ግዙፍ ባዶ አዳራሽ ብቻውን በወንበር እንዲሞላ ይታዘዛል፤ አፍታም ሳይቆይ አዳራሹ ሞልቶ ቁጭ! ቀልዱ ያለው በአዳራሹ ስፋትና በሰውየው ትንሽነት ላይ ነው። ስለዚህ ግድግዳውን ለመሙላት ብላችሁ ምስሉን አታጉሉት፣ አትለጥጡትም። የምስሉ ወርድ ለቁመቱ 1.85 ለ1 የሆነው ቅጂ በ16፡9 ፕሮጀክተር ላይ ከላይና ከታች ቀጭን ጥቁር መስመር ይተዋል፤ ይተው።

ድምፅ ክፍል፦
ብሉቱዙን ተዉትና በኬብል አገናኙ። «ዘ ኤራንድ ቦይ» (1961) ውስጥ ሉዊስ ባዶ የስብሰባ ክፍል ገብቶ፣ የሊቀመንበሩ ወንበር ላይ ተንሰራፍቶ፣ በጃዝ ባንድ መሪው በካውንት ቤዚ ሙዚቃ የሌሉትን ሰዎች ሲቆጣ ይታያል። አንዲት ቃል አይወጣውም፤ እያንዳንዱ የጥሩምባ ምት አፉና ጣቱ ላይ ነው የሚያርፈው። ብሉቱዝ ድምፁን 150 ሚሊ ሰከንድ ካዘገየው፣ በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ለሚሄድ ፊልም ከሦስት ፍሬም በላይ ነው፤ ትዕይንቱ ሞተ ማለት ነው። ኬብል ከጠፋ ኮምፒውተር ላይ ቪኤልሲ የተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ድምፁን በ50 ሚሊ ሰከንድ እያንቀሳቀሰ ያስተካክላል። ሰው ሳይገባ ጭብጨባ ያለበት ቪዲዮ ከፍታችሁ እጅና ድምፁ እስኪገጥም ሞክሩት።

ከካሜራ ጀርባ፦
ስለ ቀልዱ ብቻ አውርታችሁ እንዳትለያዩ። በዚያን ጊዜ ፊልም ላቦራቶሪ ታጥቦ እስኪመለስ የተቀረጸውን ማየት አይቻልም ነበር፤ ዳይሬክተሩ ራሱ ተዋናይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ሉዊስ ከፊልም ካሜራው ጎን የቴሌቪዥን ካሜራ አሠርቶ ቀረጻውን እዚያው በሞኒተር ይከታተል ጀመር። ችግሩ፣ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሌንሶች እኩል አያዩም፤ ተዋናዩ በቀረበ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል። በኋላ የመጡት መሣሪያዎች በዋናው ሌንስ የገባውን ብርሃን ተካፍለው ይህን ፈቱት። «ብቻውን ፈለሰፈው» ብላችሁ ግን አታስተዋውቁት፤ የዘወትር የሥራ መሣሪያ ያደረገው እሱ ነው ቢባል ይበቃል። ማሳያ ከፈለጋችሁ «ዘ ሌዲስ ማን» (1961) ላይ ካሜራውን የተሸከመው ክሬን ወደ ኋላ ሲሸሽ ፊት ለፊቱ ተከፍቶ የተሠራው ባለብዙ ፎቅ ቤት ሙሉውን የሚታይበትን ቦታ ቆርጣችሁ አሳዩ።

የክበቡ ጸሐፊ፦
«ዘ ናቲ ፕሮፌሰር»ስ? ሁሉም የሚጠይቀው እሱን ነው።

ማታ ሲኒማ፦
ምርጡ ሥራው ሊሆን ይችላል፤ ግን 107 ደቂቃ ነው፣ ንግግርም ይበዛዋል። ሰብታይትል ስታገኙ ለብቻው አሳዩት። ለአሁኑ የስብሰባ ክፍሉን አስቀድሙ፣ «ዘ ቤልቦይ» ይከተል፣ የክሬኑን ትዕይንት ለውይይቱ አቆዩት።